ቤቱን ተረከብን፤ ጠባቂውንስ?

ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ቁልፍ ይቀይራል፤ ግድግዳ ያስቀባል። ተሰቅሎ ያገኘውን አሮጌ የማንቂያ ደወል ግን ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ አያየውም። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገዛነው ቤት መግቢያው ላይ የቁጥር ሰሌዳ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ የብረት ሣጥን ነበረው። ሻጩ የምስጢር ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ስለተወልን በዚያው ስንዘጋና ስንከፍት ሁለት ወር አለፈ።

አንድ ጠዋት ደወሉን እንደተለመደው አጥምደን ሥራ ሄድን። ብቻቸውን የቀሩት እናታችን ረስተው የጓሮውን በር ከፈቱ። ሳይረኑ ለደቂቃዎች ጮኸ። እሳቸው በድንጋጤ ሲንቀጠቀጡ የደወለም የመጣም ሰው አልነበረም። ማታ ስንገባ፣ «ልጆቼ፣ ይህ ነገር የሚጮኸው ለማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ነገሩን ስንመረምር ምክንያቱ ተገለጠ። ሣጥኑ ለጥበቃ ማዕከል መልእክት የሚያስተላልፈው በ3ጂ የሞባይል መስመር ነበር፤ ይህን መስመር ደግሞ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ዘግተውታል። የሻጩ የጥበቃ ውልም ከቤቱ ጋር ወደ እኛ አልተላለፈም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ የእኛ ውሻ ግን ጅቡ ደጅ ቆሞ ቢጮኽም ሰሚ አልነበረውም።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ የተማርነውን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የምስጢር ቁጥሩን ለውጡ። ሻጩ ታማኝ ሰው ቢሆንም ቁጥሩን ዘመዱ፣ የቤት ሠራተኛውና ጠጋኙ ሁሉ ያውቁት ይሆናል። ከተጠቃሚው ቁጥር ሌላ የባለቤቱና የገጣሚው ቁጥር አለ፤ ሦስቱም መለወጥ አለባቸው። ከፋብሪካ እንደወጣ 1234 ሆኖ የቀረም አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተመልከቱ። ዕድሜው በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ ከደከመ መብራት በጠፋ ጊዜ ደወሉም አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ የሚሠራውን አትጣሉ። በሽቦ የተያያዙት የበርና የመስኮት ጠቋሚዎች በማግኔት የሚሠሩ ቀላል ዕቃዎች ስለሆኑ ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። የእኛም ደህና ነበሩና የለወጥነው ባትሪውንና መልእክት አስተላላፊውን ብቻ ነው። የጭስ ጠቋሚ ግን 10 ዓመት ከሞላው ይለወጥ።

አራተኛ፣ የአካባቢያችሁን ሕግ ጠይቁ። እኛ በምንኖርበት በሞንጎመሪ ካውንቲ የደወል ተጠቃሚ መመዝገብ ግዴታው ነው፤ ፖሊስን በተደጋጋሚ በከንቱ ማስጠራትም ገንዘብ ያስከፍላል።

ከሁሉም በላይ ግን ፈትኑት። እኛ አዲስ ውል ከገባን በኋላ ፖሊስ እንዳይላክ ለማዕከሉ አስቀድመን በስልክ አሳወቅንና እናታችንን የጓሮውን በር እንዲከፍቱ ለመንናቸው። ሳይረኑ ጮኸ። በስልኩ ወዲያ ያለው ሰው፣ «የጓሮ በር ተከፍቷል» አለ።

ለእናታችን በአማርኛ ነገርናቸው። «አልሐምዱ ሊላህ፣ አሁን ሰሚ አገኘ» ብለው በሩን መልሰው ዘጉት።