ወደ ማርስ መሰደድ የሰውን ዘር ከመጥፋት ያድናል?



ባለፈው ሴሚስተር ከዐስር ሶላት በኋላ በነበረን የውይይት ፕሮግራም ላይ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን ጥያቄ አንስቶ ነበር። «ኢሎን መስክ ሰው ማርስ ላይ ካልሰፈረ የሰው ዘር አንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል ይላል። ይህን መቀበል በቂያማ ካለን እምነት ጋር አይጋጭም ወይ?» አለ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ፣ መግሪብም ደረሰና ተበተንን። ኢንጂነሪንግ የምንማር ጥቂት ልጆች ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሳቅ ወይም በቁጣ ከታለፈ ጠያቂው መልሱን ሌላ ቦታ መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ አንብበን የደረስንበትን እናካፍላችሁ።

የዲኑን ጎን በአጭሩ እናንሳ። ፈትዋ የእኛ ሥራ አይደለም፣ ዝርዝሩ ለኡስታዞቻችን ይሁን። የቂያማን ጊዜ የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው፤ ማርስ ላይ ያለ ሰውም ከእርሱ ቀደር አያመልጥም። ነገር ግን ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ሰይዱና ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቻቸውን ይዘው ከመንገድ ተመልሰዋል። ከአደጋ እንጠበቅ ማለት ቂያማን መካድ አይደለም። የሚቀረው ጥያቄ ሰበቡ በእርግጥ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ ትምህርት የሚቀርብ ነው።

የሐሳቡ ባለቤቶች የሚሉት ቀላል ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ላፕቶፑ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ተማሪ ላፕቶፑ የተሰረቀ ዕለት ምን እንደሚሆን አይተናል። የሰው ልጅም ያለው አንድ ፕላኔት ላይ ብቻ ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ ዛሬ ሜክሲኮ በሚባለው አገር ወድቆ ዳይኖሰሮችንና ሌሎች ብዙ ፍጥረታትን አጥፍቷል። በዚህ ላይ የኑክሌር ጦርነትና ከላቦራቶሪ የሚወጣ ወረርሽኝ ስጋት አለ። ስለዚህ ሁለተኛ ኮፒ ሌላ ፕላኔት ላይ ይቀመጥ ነው የሚሉት። ፊዚሲስቱ ስቲቨን ሆኪንግ ይህን ደጋግሞ ተናግሯል። መስክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ባደረገው ንግግር ራሷን የቻለች የማርስ ከተማ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚያስፈልጋት ገልጿል።

«ራሷን የቻለች» የሚለው ነው ቁልፉ። ባክአፕ የሚባለው ዋናው ሲጠፋ ብቻውን የሚከፈት ነው። ከምድር መለዋወጫ የምትጠብቅ የማርስ ሰፈር፣ ምድር በጠፋች ማግስት የራሷን መጥፊያ ቀን መቁጠር ትጀምራለች። የማርስ የአየር ግፊት ከምድር 1 በመቶ አይሞላም፣ ያለውም አየር በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አማካይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከጨረር የሚከላከል እንደ ምድር ያለ መግነጢሳዊ መስክ የለም። አመቺ የጉዞ ጊዜ የሚገኘው በየ26 ወሩ ነው። እኛ እዚህ አንድ ሴንሰር ሲቃጠልብን ከውጭ እስኪመጣ ፕሮጀክታችን ስንት ወር እንደሚቆም የምናውቅ ሰዎች ነን። እዚያ ግን የሚቆመው ትንፋሽ ነው። አንድ የአየር ፓምፕ ለመሥራት ብረት ማቅለጫ፣ ጎማ፣ ቅባት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ቺፕ የሚሠራ ፋብሪካ ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ጀርባ ደግሞ ሌላ ፋብሪካ አለ።

ኦክስጅን ማምረቱ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ ያረፈችው ፐርሲቪራንስ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ፣ ከማርስ አየር ኦክስጅን የሚለይ ሞክሲ የተባለ መሣሪያ ይዛ ነበር። መሣሪያው በሁለት ዓመት ውስጥ በሠራባቸው ጊዜያት ያመረተው በጠቅላላ 122 ግራም ነው፤ አንድ ሰው በጥቂት ሰዓታት ተንፍሶ የሚጨርሰው ማለት ነው። ለሙከራ የተሠራ ትንሽ መሣሪያ ስለሆነ አንንቀውም፣ ግን ርቀቱን ያሳያል።

እኛን ከሁሉ በላይ ያስደነቀን ግን እዚሁ ምድር ላይ የተደረገ ሙከራ ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ባዮስፌር 2 የተባለ ከ1 ሄክታር በላይ የሚሸፍን የመስታወት ሕንፃ ተሠራ። እርሻ፣ ትንሽ ደን፣ ባሕር እንኳ ነበረው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991 ስምንት ሰዎች ገቡና ለሁለት ዓመት ተዘጋባቸው። ኦክስጅኑ ከ20.9 በመቶ ቀስ በቀስ ወርዶ ወደ 14 በመቶ ተጠጋ፣ ሰዎቹም እንቅልፍ እያጡ ደረጃ መውጣት ከበዳቸው። በመጨረሻ በጥር 1993 ከውጭ ኦክስጅን ተጨመረላቸው። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ በፍግ የበለጸገው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን ሲጠቀሙ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሕንፃው ኮንክሪት እየመጠጠ አስቀርቶታል። ኦክስጅኑ ግድግዳው ውስጥ ታስሮ ቀረ! የሲቪል ተማሪዎች ይህን የኮንክሪት ጸባይ በክፍል ተምረውታል፤ አየር ይጨርሳል ብሎ ግን ማን ያስባል? የአበባ ዱቄት የሚያዳርሱ ነፍሳት አለቁ፣ በረሮና ጉንዳን በዛ። አላህ (ሱ.ወ) ያለ ምንም ክፍያ የሰጠን አየር ስንት ነገር ተመዛዝኖ እንደሚቆም ያየነው በዚህ ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ በር ከፍተው መውጣት ይችሉ ነበር።

ሌላው የዘር ጉዳይ ነው። የማርስ ስበት ከምድር 38 በመቶ ያህል ነው። በዚያ ስበት ፅንስ በጤና አድጎ ይወለድ እንደሆነ የታየ ነገር የለም፣ በጠፈር ያረገዘች ሴትም እስካሁን የለችም። ልጅ የማይወለድበት ሰፈር ደግሞ ዘር አያድንም።

መድረሳ የቀራችሁ ልጆች የሸሪዓን መቃሲድ ታስታውሳላችሁ፤ ነፍስን መጠበቅ አንድ ነው፣ ነስልን መጠበቅ ሌላ። የማርስ ሰፈር ቢሳካ እንኳ ነስልን ነው የሚጠብቀው። አንድ ሚሊዮን ሰው ቢሄድ ከ8 ቢሊዮን ሕዝብ ከ8,000 ሰው አንዱ ነው። የቀረነው ነፍሳችን እዚሁ ናት። ማን እንደሚሄድ ደግሞ ገንዘብ እንደሚወስነው አያጠራጥርም።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ጉዞ ከመጀመሪያው ሂጅራ ጋር ሲያመሳስሉ ሰምተናል። በእኛ አገር ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ይመስለናል። ሰሐቦች (ረ.ዐ) ወደ ሐበሻ ሲሻገሩ አየሩ የሚተነፈስ፣ ውሃው የሚጠጣ፣ ገበያው የቆመ፣ ንጉሡም ፍትሐዊ ነበር። ማርስ ላይ ነጃሺ የለም። ያ አስትሮይድ በወደቀ ማግሥት እንኳ ምድር ውሃና ኦክስጅን ስለነበራት ከዛሬዋ ማርስ የተሻለች መኖሪያ ነበረች።

ታዲያ የአስትሮይዱን አደጋ እንተወው? አንተወውም፤ ርካሽ መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2022 ዳርት የተባለች የናሳ መንኮራኩር 160 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ዲሞርፎስ የተባለ አለት ሆን ብላ ገጨችው። አለቱ ትልቁን አለት ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፤ ከግጭቱ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ ቀነሰ። የሰው ልጅ የሰማይ አካልን መንገድ ሲቀይር ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ማንም አልተሰደደም። ወደ ምድር ከሚቀርቡት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሆኑ አስትሮይዶች ከ90 በመቶ በላይ ተገኝተዋል። ከ140 ሜትር በላይ የሆኑት ግን ገና ግማሾቹም አልተገኙም። እነርሱን መፈለግ የቴሌስኮፕ ብቻ ሳይሆን የስሌትና የሶፍትዌር ሥራም ነው፤ ከእኛ መካከል ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ሊማረው የሚችል።

በፕሮግራሙ ላይ ሌላ እህት ማርስ ላይ ሶላት እንዴት ይሰገዳል ብላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የማሌዥያው ጠፈርተኛ ሼህ ሙስዘፋር በረመዷን ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ የአገሩ ዑለማዎች መመሪያ አዘጋጅተውለት ነበር፤ ወደ ካዕባ መዞር ካልቻለ ወደ ምድር፣ እሱም ካልሆነ ወደተመቸው ይሰግዳል። የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ስለሆነ አምስቱ ወቅቶች ብዙም አይቸግሩም። ረመዷን ግን ያስቸግራል፤ ከሁለቱ የማርስ ጨረቃዎች አንዷ ፕላኔቷን በ8 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ትዞራለች። ይህንና የቂያማውን ጥያቄ ለኡስታዛችን አድርሰናል፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ፕሮግራም ከዐስር በኋላ ይመልሱልናል። ጠያቂው ወንድማችንም እንዳትቀር።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ