የኮረንቲ ምጣድ ጉልበት

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል፣ ኮረንቲ በገባበት ቤት እንጀራ ያለ ጭስ ይጋገራል። ነገር ግን የኮረንቲ ምጣድ ብዙ ጉልበት ይበላል። 3600 ዋት የሚወስድ አንድ ምጣድ፣ ባለ 60 ዋት አምፖል ስልሳውን ባንዴ እንደ ማብራት ነው።

ሙቀቱን የሚሰጠው ከሸክላው ሥር የተጠማዘዘው ሽቦ ነው። ውኃ በረዥምና በቀጭን ቦይ ሲሄድ ይደክማል። ኮረንቲም እንዲሁ ነው። ሽቦው ሲረዝም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሲያጥር ይጨምራል።

ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጠን ጥለን የቀረውን ብንቀጥልሳ? ሠራልን ብለን ደስ ይለናል። ግን ከአራት እጅ አንዱ ከጎደለ 3600 የነበረው ወደ 4800 ዋት ይወጣል። የግድግዳው ሽቦ ይግላል፤ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል።

ታዲያ ጉልበቱን እንዴት እንቀንሰው? ያጠረውን አውጥተን ሙሉ ርዝመት ያለው አዲስ ሽቦ እናስገባ። ሥራው የባለሙያ ነው፤ መጀመሪያ ኮረንቲው ከቆጣሪው ይጥፋ።

ከልክ በላይም አንቀንሰው። ምጣዱ ቶሎ አይሰማም፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም፤ ቆጣሪው ግን መቁጠሩን አይተውም። ይልቅ ምጣዱ አንዴ ከሰማ ሊጡን ሳናቋርጥ ጋግረን እንጨርስ፤ አክምባሎውም በደንብ ይገጠም። ያን ጊዜ ገንዘባችንም ቤታችንም ይተርፋል።