ከማሽኑ በፊት ስለቱ፦ የእንጨት ቶርኖ ጅማሮ ሲዳሰስ

የእንጨት ቶርኖ ለመጀመር ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማሽኑ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ስንት ነው፣ ምን ያህል ስፋት ያለው እንጨት ያዞራል፣ ዋጋውስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ማሽኑ እንጨቱን ይዞ ያሽከረክራል፣ ለመሮው ማሳረፊያ ብረት ያቀርባል፤ ሥራው ይኸው ነው። ዕቃው የሚያምረውም የሚበላሸውም በመሮው ስለትና በእንጨቱ ጠባይ ስለሆነ፣ ጀማሪ ገንዘቡንና ጊዜውን በቅድሚያ ማዋል ያለበት በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ታሪኩም ለዚህ ይመሰክራል። ግብፅ ውስጥ ቱና ኤል ገበል በሚገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በተሠራው የፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ቶርኖ ከሰው ጉልበት በቀር ሌላ ኃይል የለውም፤ አንዱ በጠፍር ያሽከረክራል፣ ሌላው ይቀርጻል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም ገመዱ ከእግር መርገጫ ተነሥቶ፣ እንጨቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከላይ ካለ ተጣጣፊ ዘንግ ጋር ይታሰር ነበር። እግር ሲረግጥ እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ይዞራል፣ እግር ሲነሣ ዘንጉ መልሶ ይጎትተዋል፤ መቁረጥ የሚቻለው በመርገጡ ጊዜ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1545 ከሰመጠችው ሜሪ ሮዝ ከተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የወጡት የእንጨት ሳህኖች የዚህ ዓይነቱ ቶርኖ ሥራዎች ናቸው። ቦጀር የሚባሉት በእንግሊዝ ያሉት የቺልተርን ኮረብቶች ሙያተኞችም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ጫካ ውስጥ ዳስ ቢጤ ጥለው በዚያው መሣሪያ ለሃይ ዋይኮምብ ከተማ ወንበር ፋብሪካዎች እግር ያወጡ ነበር። ቢች የሚባለውን ዛፍ ገና እርጥብ ሳለ ቆርጠው በቃጫው አቅጣጫ ይፈልጡታል፣ በመጥረቢያ ጠርበው ይቀርጹታል፣ ከዚያ ከምረው ያደርቁታል። እርጥብ እንጨት ለስላሳ ስለሆነ በደካማ ኃይልም ይቆረጣል፤ የተሳለ መሮ ከገባበት ደግሞ ፍቅፋቂው እንደ ጥብጣብ ረዝሞ ይወጣል።

እርጥብ እንጨት ግን ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መኮማተሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በዓመት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ያህል ስለሆነ ክብ የነበረው ሳህን ሞላላ ይሆናል። የተለመደው መላ ሁለት ጊዜ ማዞር ነው፦ መጀመሪያ የግድግዳውን ውፍረት የስፋቱን አንድ አሥረኛ ያህል፣ ማለትም ለ25 ሳንቲ ሜትር ሳህን 2.5 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መተው፣ ቃጫው የተቆረጠበትን ጎን ሰም ቀብቶ ለወራት ማድረቅ፣ ከዚያ መጨረስ። ከእኛ ዛፎች ዋንዛ ለመሮ የሚታዘዝ ነው፤ ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ባሕር ዛፍ በየቦታው ቢገኝም ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ይወዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ዛሬ ሲደነዝዙ ዞር እየተደረጉ የሚቀየሩ ትናንሽ የካርባይድ ስለቶች አሉና መሳል መማር ምን ይጠቅማል? ለጠንካራ እንጨትና ለፈጣን ጅምር እውነትም ይጠቅማሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ ይፍቃሉ እንጂ አይቆርጡም፤ ለስላሳ እንጨት ላይ ቃጫውን ይቦጭቁታል፣ ጉድለቱንም የሚሸፍነው ብርጭቆ ወረቀት ነው። ብርጭቆ ወረቀት የሚያስነሣው ብናኝ ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው የእንጨት ብናኝ ነው። መሮ የያዘ ሰው በአንጻሩ መጀመሪያ ከስለቱ በስተኋላ ያለውን ተዳፋት እንጨቱ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ እጀታውን ቀስ አድርጎ ሲያነሣ ስለቱ ይነክሳል። ተዳፋቱ ካልተደገፈ መሮው ድንገት ጠልቆ ይሰነቀራል። ይህን እጅ የሚለምደው ደጋግሞ በመሳልና በመሞከር ነው። በሚሳልበት ጊዜ ተራ የካርቦን ብረት ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል፤ ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው ሙቀትን እጅግ ስለሚችል ለጀማሪ ይመረጣል።

ሌላው ክርክር ከሳህን መጀመር ፍላጎትን ያነሣሣል የሚል ነው። ስለ ፍላጎቱ አልከራከርም፤ ስለ ጣት ግን እከራከራለሁ። የእግርና የእጀታ ሥራ ላይ ቃጫው በርዝመቱ ስለሚሄድ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ መቁረጥ ይበቃል። ሳህን ላይ ግን በአንድ ዙር ውስጥ መሮው ሁለት ጊዜ ከቃጫው ጫፍ ጋር ይጋጠማል። ለረጅም እንጨት መጠረቢያ የሚሆነውን ሰፊ ጎድጓዳ መሮ ሳህን ላይ ያነሣ ሰው ደግሞ፣ እጀታው ውስጥ የገባው ቀጭን አንገት ሊሰበርበት ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት በደቂቃ 1000 ዙር ሲሽከረከር ጠርዙ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ስለዚህ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን መከለያ ግዴታ ነው። ጓንት፣ የተንዘረፈፈ እጅጌና ያልታሰረ ፀጉር ቶርኖ አጠገብ ቦታ የላቸውም።

ማሽኑ የሚመረጠው ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። ያኔም ከጉልበቱ ይልቅ ክብደቱ፣ ፍጥነቱን እስከ ስንት ዝቅ እንደሚያደርግና የኋላ መያዣው መሃሉን መጠበቁ ይታያል፤ ያገለገለ ከባድ ማሽን ከሚንቀጠቀጥ አዲስ ቀላል ማሽን የሚመረጠውም በዚህ ነው።