ጋሼ፣ ብረትም ይሰበራል!

ዛሬ የማጫውታችሁ በገዛ ቤተሰቤ ስለገጠመን ጉዳይ ነው።

ታላቅ ወንድሜ መርካቶ ነግዶ ያጠራቀመውን ይዞ ቡታጅራ ላይ ፎቅ ጀመረ። ኮለኑና ቢሙ ብረት፣ ግድግዳው ብሎኬት። ለመስቀል አገር ስገባ አየሁት። ላይኛው ፎቅ ዙሪያውን በብሎኬት ተሞልቷል፤ ምድር ቤቱ ግን ለአራት ሱቅ ተብሎ ፊቱ ወለል ብሎ ክፍት ነው። እንጀራዬ ግንባታ ነውና ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ መሬት ቢንቀጠቀጥስ?»

«ብረት ይሰበራል እንዴ!» ብሎ ሳቀብኝ።

አዎ፣ ይሰበራል! በ1994 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኖርዝሪጅ በደረሰው መንቀጥቀጥ የብዙ ብረት ሕንፃዎች ብየዳ፣ ያውም ቢምና ኮለን የሚገናኙበት፣ ተሰንጥቆ ተገኝቷል።

«እሱ አሜሪካ ነው» እንዳትሉኝ። ቡታጅራ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ፣ በጉራጌ ተራሮች ሥር ነው። አጠገቧ ያለው ሐረ ሸይጣን ሐይቅ ራሱ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌውንማ አዲስ አበባ ያለን ሁሉ ቀምሰነዋል። ወልቂጤ ከተራራው ማዶ ብትሆንም፣ ንዝረትን ተራራ አያግደውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብሎኬት የታጨቀው ፎቅ እንደ ሣጥን ድርቅ ይላል። ምድሩ ሲወዛወዝ ጣጣው ሁሉ ግድግዳ በሌላቸው የታችኞቹ ኮለኖች ላይ ይወድቃል፤ እነሱ ከተጣጠፉ ፎቁ ቁጭ ይላል። በዚያ ላይ ከብረቱ ጋር በፌሮ ያልታሰረ ብሎኬት ተገንጥሎ መንገደኛ ላይ ይናዳል።

መሐንዲስ ጠራን። እሱም ያለው ይህንኑ ነው። ብሎኬቱ በየረድፉ ልዩነት ከኮለኑ ጋር በፌሮ ይታሰር፤ ብየዳው በባለሙያ ይፈተሽ፤ ምድር ቤቱም በጎንና በኋላ ብቻ ሳይሆን በፊት ለፊትም ቢያንስ በአንዱ ክፍተት ሰያፍ ብረት ይግባለት። ይህ ማለት አንድ ሱቅ ቀረ!

ወንድሜ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። «የወር ኪራዬን በላህብኝ» አለ። በአራተኛው ቀን ግን በያጁን ራሱ ጠራው። ላይኛው ፎቅ ላይ የሚተኙት የገዛ ልጆቹ ናቸዋ!

እናንተም ፎቅ ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ሱቁን ከመቁጠራችሁ በፊት መሐንዲሱን ጠይቁ። ቸር ሰንብቱ።