የባትሪው ቁጠባ በሾፌሩ እግር ነው

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘው ሠራተኛ በዝቷል። ነገር ግን ብዙው ሰው መኪናውን ለወጠ እንጂ አነዳዱን አልለወጠም።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የወረደ ሰው ባትሪው እምብዛም ሳይጎድል ቢደርስ፣ ለመመለሻውም ያንኑ ያህል ይበቃኛል ብሎ እንዳይታለል ያስፈልጋል። አዳማ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናትና፣ አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ለዳገቱ ብቻ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ኃይል ይፈጃል። ችኮላ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩ መኪናውን የሚቋቋምበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ይኸውም ቁልቁለት ላይ ወይም ቀይ መብራት ሲታይ እግርን አስቀድሞ ከፔዳሉ ማንሣት ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጪ ሆኖ ለባትሪው ይመልሳል። ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ቁልቁለት የሚጀምር ግን ለሚመለሰው ኃይል ማስቀመጫ አያገኝም።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች መኪና ሲያስረክቡ ሾፌሮቻቸውን ይህን አነዳድ ቢያስተምሩ፣ የመንግሥት ገንዘብ ይድናል፣ ሠራተኛም ዳገት ላይ አይቀርም ስል አሳቤን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ