ብርሃን በእርጅና ሲደክም፦ የአረጋውያን የመደጋገፊያ ቡድኖች

ስለ ዓይነ ስውርነት ስናወራ ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወይ እንደ ሰበታው ወዳሉ የልጆች ትምህርት ቤቶች፣ ወይ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወዳሉ የዓይን ሕክምና ክፍሎች ነው። በ70 ዓመቱ ዓይኑ የደከመበት የአቃቂ ጡረተኛ ግን ከሁለቱም መሐል ይቀራል፤ ለእሱ የሚያስፈልገው የእኩዮቹ መደጋገፊያ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የቀነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ያመጣው ነው። ታዲያ ያለው ገንዘብ ሁሉ ለቀዶ ሕክምና አይውልም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞራ ይገፈፋል፤ ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ግን አይመለስም። ለሞራውም ቢሆን ብዙ አረጋዊ ቢላዋ ይፈራል፤ ፍርሃቱን ከማንም በላይ የሚያስለቅቀው ሞራውን አስገፍፎ የተመለሰ እኩያው ነው። ስለዚህ ቡድኑ የሕክምናው ተቀናቃኝ ሳይሆን ወደ ሕክምና የሚያደርስ መንገድ ነው።

መሰባሰቡ በራሱ የሚሰጠው ጥቅምም ተፈትኗል። በአሜሪካ ባርባራ ብሮዲና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በእርጅና የዓይን ሕመም የተጠቁ 231 አረጋውያን በሦስት ተመደቡ፦ አንዳንዶቹ በቡድን ተገናኝተው ችግር መፍታትን ለ12 ሰዓት ተለማመዱ፣ ሌሎቹ የተቀዳ የጤና ትምህርት አዳመጡ፣ የቀሩት ተራ ጠበቁ። ጭንቀቱ ይበልጥ የቀለለው ለተለማመዱት ነበር። መረጃ መስማት ብቻውን አልበቃም ማለት ነው፤ ለኔ ከጥናቱ ሁሉ ክብደት ያለው ይኸው ነው።

«እኛ ዘንድ ልጅና ጎረቤት አለ፣ ቡድን ለምን?» የሚል ይኖራል። ፍቅሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያግዘው ሥራውን ከአረጋውያኑ እጅ በመቀበል ነው። እናት ሻይ እንዳይቀዱ ይከለከላሉ እንጂ ጣታቸውን ከስኒው ከንፈር አስጠግተው ሙቀቱ ሲደርስ ማቆምን የሚያሳያቸው የለም። የ50ውን ብር አንድ ጊዜ፣ የ100ውን ሁለት ጊዜ አጥፎ መለየትን ልጅ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በችግሩ ያለፈ ሰው ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ ከባድ መኪና በሚተራመስበት አውራ መንገድና ክዳን በሌለው ቦይ አጠገብ በበትር መሄድንም የሚያውቀው በችግሩ ያለፈ ሰው ነው። ለቡድኑ አዲስ ተቋም መገንባት ግን አያስፈልግም፤ ዕድር አለ። ዕድር ለቀብር ነው ቢባል፣ የአዲስ አበባ ዕድሮች በኤች አይ ቪ ዘመን በሕይወት ያሉ ሕሙማንን መደገፍ ጀምረው እንደነበር እናስታውሳለን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የደከመ ዓይን ስታገኝ ወደ አካባቢው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ብትልክ፣ ዕድሩም በየሳምንቱ አዳራሹን ለሁለት ሰዓት ቢከፍት፣ ለመጀመሪያው ስብሰባ የሚጎድለው የቡድኑን መሪ የሚያስተምር ባለሙያና አረጋውያኑን ከቤት የሚያመጣ ሰው ብቻ ነው።