ግድግዳም መብራት ነው

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አናምንም። በመሥሪያ ቤቱ ከባልደረቦቹ ጋር ሲስቅ ሲጫወት የዋለ ሰው፣ ከቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ፊቱ ይጠቁራል፤ የተጠየቀውን ሳይመልስ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ተረቱ ጥፋቱን ሁሉ በሰውየው ጠባይ ላይ ይጥለዋል። እኛ ግን ዛሬ አንድ ጥያቄ ልናቀርብልዎ እንወዳለን፤ ከጥፋቱ ከፊሉ የሰውየው ሳይሆን የክፍሉ ቢሆንስ?

እስቲ ማታ ወደ ቤትዎ የሚገቡበትን ሰዓት ያስታውሱ። ቤትዎ ምናልባት በጀሞ ኮንዶሚኒየም የተከራዩት ስቱዲዮ ነው፤ ምናልባትም በሳሪስ ከአንድ ግቢ ጓሮ የተሠራ ሰርቪስ፣ ወይም በላፍቶ በኩል ያለ የጭቃ ቤት ይሆናል። በሩን ከፍተው ማብሪያውን ይጫናሉ። በሽቦ የተንጠለጠለው አንድ አምፖል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃኑን በቀጥታ ዓይንዎ ላይ ይለቀዋል። ግድግዳው ቀለም ያልነካው ሲሚንቶ ስለሆነ ጥጋጥጉ ጨለማ ነው። ለማንበብ ሲቀመጡ የገዛ ራስዎ ጥላ ገጹን ይሸፍንብዎታል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዓይንዎ ይደክማል፤ ግንባርዎን ይይዝዎታል፤ መጽሐፉን አጥፈው «ዛሬስ አልቻልኩም» ይላሉ። ለማታ ትምህርት የተመዘገበ ሠራተኛና ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ እንዲህ እያሉ ስንት ምሽት እንደሚያባክኑ እርስዎ ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ።

ይህን ለማሻሻል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ትልቅ አምፖል መግዛት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ከአምፖሉ ይልቅ ከግድግዳው ዘንድ ይገኛል። ምክንያቱን ቀጥለን እንመልከት።

ሰፈሩና ቀለሙ

ይህን ጉዳይ ለማንሣት ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ተስማሚ ስፍራ ነው። «ነፋስ ስልክ» ማለት ያለ ሽቦ፣ በአየር ብቻ መልእክት ለሚያስተላልፈው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ሕዝቡ ያወጣለት ስም ነበር፤ ኋላም አካባቢው በዚያው ተጠራ። ይኸው ስም በቀለም ቆርቆሮ ላይም ተጽፎ ይታያል፤ ነፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ የሰፈሩን ስም ይዟልና።

ይሁን እንጂ የቀለም ፋብሪካ ያለበት ይህ ክፍለ ከተማ ያልተቀቡ ግድግዳዎችም የሚበዙበት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ እንደ ጀሞ ያሉትን ሰፋፊ መንደሮች አስገኝቷል። ወጪው እንዲቀንስ ሲባል ብዙዎቹ ቤቶች የውስጥ ማጠናቀቂያ ሥራቸው ሳያልቅ ለባለዕድለኞች ስለተሰጡ፣ የቀረው ሥራ የነዋሪው ዕዳ ሆነ። ዐቅም ያለው አስቀባ፤ ዐቅም ያነሰው ግራጫውን ሲሚንቶ እንዳለ ገባበት፤ አንዳንዱም እንደዚያው አከራየው።

የቀድሞ ሰዎች በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ብልሆች ነበሩ። በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገውን ግድግዳ ኖራ ወይም ጀሶ ይቀቡታል፤ ከጣራው ሥር አቡጀዲ ወጥረው ኮርኒስ ያደርጉታል፤ ለቀለም ዐቅም የሌለውም ጋዜጣ ይለጥፍበታል። ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይምሰልዎ። በኩራዝና በፋኖስ ለሚያመሽ ቤተ ሰብ ነጭ ግድግዳና ነጭ ኮርኒስ ያችን ትንሽ ነበልባል የሚያበዙ ረዳቶች ነበሩ። ኤሌክትሪክ ሲገባ ግን ብርሃን ከአምፖል ብቻ የሚመጣ መሰለንና ግድግዳውን ረሳነው።

በመጀመሪያ ፀሐይዎን ይወቁ

ቀለም ከመምረጥዎ በፊት መስኮትዎ ወደየት እንደሚያይ ይመልከቱ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትቆምም። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ወደ ሰሜን።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። መስኮቱ ወደ ደቡብ የሚያይ ክፍል በበጋው፣ ይልቁንም ብርድ በሚበረታበት በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ዘልቃ ትገባለታለች። ወደ ሰሜን የሚያየው ክፍል ግን ፀሐይ ወደ እርሱ የምትዞርባቸው ወራት አብዛኛዎቹ ሰማዩ በክረምት ደመና የሚሸፈንባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም አያገኝም። ብርሃኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለው ክፍል ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይስማማዋል። ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ ለሚያየው ደግሞ ነጭ፣ ወይም በጣም የፈዘዘ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቢሆን ሙቀቱን ለዓይን ያለዝበዋል።

ምንም ገንዘብ ሳያወጡ የሚሠሩትም አለ። መስታወቱን በውስጥም በውጭም ይጠቡት፤ መስኮቱን የከለለውን ቁም ሣጥን ወደ ሌላ ግድግዳ ያዛውሩት፤ የማንበቢያ ጠረጴዛዎን ብርሃን በጎን በኩል እንዲያገኘው አድርገው ያስቀምጡት።

ብርሃን እንደ ገንዘብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደኅና ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከወደቀበት 100 እጅ ብርሃን 80 ያህሉን ይመልሳል። ክሬም 70 ገደማ ይመልሳል። ያልተቀባ ሲሚንቶ 30 ገደማ ብቻ ሲመልስ፣ ጥቁር ቡናማ ቀለም ደግሞ 10 ያህሉን መልሶ የቀረውን ይውጠዋል።

ልዩነቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስገረመን። ነገር ግን ከአንዱ ግድግዳ የተመለሰው ብርሃን ሌላው ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ያም በተራው ይመልሰዋል። በገንዘብ አስመስለን እንቁጠረው። 100 ብር አበደሩ እንበል። ነጩ ግድግዳ 80 ይመልስልዎታል፤ ያንኑ መልሰው ሲያበድሩት 64፣ ከዚያም 51 እያለ ይቀጥላል፤ ተመላሹ ሁሉ ሲደመር 400 ይደርሳል። ሲሚንቶው ግን 30 ይመልሳል፤ ቀጥሎ 9፣ ከዚያም 3 እንኳ አይሞላም፤ ድምሩ 43 ገደማ ሆኖ ይቀራል። በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ወለሉ፣ የቤት ዕቃውና መስኮቱ የየድርሻቸውን ስለሚወስዱ ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰፋም። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ግድግዳውን ሳይቀቡ ትልቅ አምፖል መግዛት፣ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድመው ኮርኒሱን ነጭ ያድርጉት። ከኮርኒስ ተመልሶ የሚወርድ ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ጥላውም አይከርርም፤ ጥጋጥጉን ስለሚያበራው ጠባቡ ክፍል ሰፋ ብሎ ይታያል።

ነገር ግን የነጭ መብዛትም ችግር አለው። በ1914 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ሐኪሙ ሃሪ ሸርማን የነጭ ቀዶ ጥገና ክፍል ነጸብራቅ ዓይኑን ስላስቸገረው ግድግዳውንና ወለሉን አረንጓዴ አስደረገው፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ወደ አረንጓዴ ቀለም አዘነበሉ። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግድግዳው የሚያብለጨልጭ እንዳይሆን ነው። እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ የዘይት ቀለም የአምፖሉን ምስል መልሶ ወደ ዓይንዎ ይወረውረዋል። ስለዚህ ለግድግዳው የማያብለጨልጭ የውኃ ቀለም ይምረጡ፤ የሚታጠበውን የዘይት ቀለም ለበርና ለመስኮት ያቆዩት።

የአምፖሉ ነገር

ከግድግዳው በኋላ አምፖሉ ይመጣል። የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ሲገዙ በካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር ይፈልጉ። አንደኛው ሉመን የሚባለው የብርሃን መጠን ነው። 9 ዋት የሆነ ኤል.ኢ.ዲ. 800 ሉመን ገደማ ስለሚሰጥ የድሮውን የ60 ዋት አምፖል ይተካል። በየቀኑ 5 ሰዓት ቢያበሩት አሮጌው በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲበላ፣ አዲሱ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ቁጥር ኬልቪን ይባላል፤ የብርሃኑን ቀለም ይናገራል። 2700 ወይም 3000 የተጻፈበት ወደ ሻማ ብርሃን የሚጠጋ ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፤ 4000 መካከለኛ ነው፤ 6500 ደግሞ በደመናማ ቀን እንደሚታየው ያለ ሰማያዊ የቀላቀለ ነጭ ነው። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን «ደማቅ ነው» ብሎ ይገዛዋል። ለሥራ ቦታ ያገለግል ይሆናል፤ ለመኝታ ክፍል ግን አይመከርም። በ2002 እ.ኤ.አ. ዴቪድ በርሰንና ባልደረቦቹ በዓይን ውስጥ ለማየት ከሚያገለግሉት ሌላ፣ ቀንና ሌሊትን ለአንጎል የሚነግሩ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳይተዋል። እነዚህ ሕዋሳት ይበልጥ የሚነቁት ሰማያዊ ባለበት ብርሃን ነው። በመሸም ጊዜ ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኛቸው «ገና ቀን ነው» ይላሉ፤ እንቅልፍን የሚያቀርበው ሜላቶኒን የተባለው ንጥረ ነገርም ይዘገያል። አዲስ አበባ በየትኛውም ወር ሌሊቷ ከ11 ሰዓት ስለማያንስ፣ የምሽት መብራት ጉዳይ ዓመቱን ሙሉ የእርስዎ ጉዳይ ነው።

የብርሃን ቀለም የአንድን ቤት መንፈስ እንዴት እንደሚለውጥ በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ያስቡ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕሎች ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ በየተራ ያይሉባቸዋል፤ ፀሐይ በእነርሱ በኩል ስትገባ ቤቱን በቀለም ትሞላዋለች። እርስዎም በአንዲት አምፖል ምርጫ በመጠኑ ይህንኑ ያደርጋሉ።

ለንባብ ግን አንድ የጣራ አምፖል አይበቃም። የብርሃን ሕግ እንዲህ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከጠረጴዛው 2 ሜትር ላይ ከተሰቀለ አምፖል ይልቅ፣ በግማሽ ሜትር ርቀት ያለች ትንሽ የጠረጴዛ መብራት የበለጠ ትጠቅምዎታለች። በቀኝ እጅዎ የሚጽፉ ከሆነ በግራዎ ያስቀምጧት፤ ከቻሉም ፊቷን ከነጭ ግድግዳ አጠገብ ያድርጉት። በእጅ ስልክዎ ካሜራ ሲያዩት ጥቁር ጥቁር መስመር የሚያሳይ አምፖል የሚርገበገብ ነውና ለንባብ አይምረጡት።

ቀለም ሲገዙ ይጠንቀቁ

አንዳንድ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ይገኛል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን በ2010 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ሲገዙ ስለ እርሳስ የተጻፈበትን ቆርቆሮ ይምረጡ፤ ያልተጻፈበት ከሆነም ሻጩን ይጠይቁ። የቆየ የዘይት ቀለም ያለበትን በር በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አይፈግፍጉ፤ አርጥበው ይፈግፍጉት፤ ልጆችንም ያርቁ።

አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ቢያንስ 4 ሳምንት ሳይደርቅ መቀባት ገንዘብን መጣል ነው። እርጥበት ያለበትም ግድግዳ ምንጩ ሳይደፈን ቢቀባ ቀለሙ ከክረምቱ ጋር ይላጣል። ለጭቃ ቤት ኖራ ዛሬም ማለፊያ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ግድግዳውን አያፍነውም፤ ሻጋታንም ይቋቋማል። ብቻ ልብስ ላይ ይነካካል፤ ሲቀቡም ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ይሸፋፈኑ።

በትንሽ ደመወዝ

«ይህ ሁሉ ለባለጸጋ ነው» እንዳይሉን፣ ሥራውን በሦስት ወር ከፋፍለንልዎታል። በመጀመሪያው ወር መስኮቱን ይጠቡ፤ ዕቃውን ያዛውሩ፤ የመኝታውን አምፖል በ2700 ይለውጡ። በሁለተኛው ወር የጠረጴዛ መብራት ይግዙ። በሦስተኛው ወር ይቀቡ። 3 በ4 ሜትር የሆነና ቁመቱ 2 ሜትር ከ70 የሆነ ክፍል፣ በሩና መስኮቱ ሲቀነስ የግድግዳው ስፋት 34 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፣ ሁለት ጊዜ ለመቀባት 7 ሊትር ይበቃዎታል። ሮለር ከጎረቤት ይዋሱ፤ እሑድ ጓደኛዎን ይጥሩ።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ሳያስፈቅዱ አይጀምሩ። «እትዬ፣ ጉልበቱ የእኔ ይሁን፤ ቀለሙን ብቻ ከኪራዩ ቢያስቡልኝ» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ግድግዳው ለእርሳቸው የሚቀር ስለሆነ እሺ ሊሉዎት ይችላሉ።

ቀለም ዕዳ አይከፍልም፤ የተጣላንም አያስታርቅም። ይህን የምንክድ አይደለንም። ነገር ግን ማታ በርዎን ሲከፍቱ ጨለማ ጥግ ሳይሆን ለስላሳ ብርሃን የሚቀበልዎ ከሆነ፣ መጽሐፍዎን ሳያጥፉ አንድ ሰዓት መጨመር አይከብድዎትም። ያን ጊዜ ሌላ ሰው «የውጭ አልጋ» ሲልዎ የቤትዎ ሰዎች «በቤትም አልጋ ነው» ብለው ይመሰክሩልዎታል።